«እንግዶችሽ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» የቸርችል ጎዳና የስጦታ ሱቆች

የውጭ እንግዳ ያለባችሁ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። ለስብሰባ የመጣ ይሁን፣ ለሥራ የመጣ ይሁን፣ የውጭ ዜጋ ያገባ ዘመዳችሁ ባለቤቱን ይዞ መጥቶ ይሁን፣ መሄጃው ሲደርስ ያቺ ጥያቄ አትቀርም። «ለቤተሰቤ የምወስደውን ነገር ከየት ልግዛ?» አብዛኞቻችን ቸርችል ጎዳና ይዘን እንሄዳለን። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ሲወረድ፣ በተለይ ዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ፣ የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ጀበና፣ መስቀል፣ የብራና ሥዕል፣ ነጠላ፣ ቲሸርት፣ በርጩማ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ምናምን፣ በሚያምር ከረጢት የታሸገ ቡና፣ ሁሉም አለ።

የምሠራው ካዛንቺስ ነው። ስብሰባ በመጣ ቁጥር እንግዳ ከተማ ማዞር የኔ ሥራ ስለሆነ ሱቆቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለቱ ነው። አንዱን እመክራለሁ፣ አንዱን አልመክርም። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ምክንያቱም የማነሳው ጉዳይ የአንድ ሻጭ ጠባይ ሳይሆን የብዙዎቻችን ጠባይ ነው። ግን ገብታችሁ ስታዩ ትለዩዋቸዋላችሁ። የምመክረው ሱቅ ውስጥ ዕቃው ሁሉ ላይ ዋጋ ተጽፎበታል። በማልመክረው ሱቅ ዋጋውን የሚወስነው የእንግዳችሁ ፓስፖርት ነው።

ከማልመክረው ልጀምር።

ሁለት እንግዶች ይዤ ነበር፣ አንዱ ከሌጎስ፣ አንዷ ከናይሮቢ። ገና በሩ ላይ እያለን ሻጩ ፈገግ ብሎ በአማርኛ «እህቴ፣ እንግዶችሽ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አለኝ። ነገርኩት። ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ውስጥ ዞሮ ረዳቱን «አንተ፣ ናይጄሪያዊ ነው፣ ሳጥኑን ቆልፍ» አለው። የብር መስቀሎች የተደረደሩበት ባለ መስታወት ሳጥን ነው። ልጁ መጣና ቆለፈው። ከዚያ ሻጩ ወደ እንግዳዬ ዞሮ በጥሩ እንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» አለው።

ይህ ሰው ኦዲተር ነው። ዕድሜውን የሌላ ሰው ሒሳብ ሲመረምር የኖረ፣ ለአንዲት ደረሰኝ የሚጨነቅ ሰው። ምንም አላለም። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ዕቃውን አየና ወጥቶ በር ላይ ቆመ። በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ስሞክር «ቁልፉ ሲዞር ለመስማት አማርኛ ማወቅ አያስፈልግም» አለኝ። ቀጥሎ ያለኝ ግን የበለጠ ከበደኝ። አገሩን በተናገረ ቁጥር የሰው ፊት ላይ የምትመጣዋን ነገር ገና ሳትመጣ ያውቃታል። በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆቴል፣ በባንክ፣ አንዴ በሐኪም ቤት ሳይቀር። ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት አገር ነው ናይጄሪያ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ በኢሜይል የሚያጭበረብሩት ስንት ናቸው? የቀረው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ስለ እነሱ መልስ ሲሰጥ ይኖራል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የናይሮቢዋ እንግዳዬ አንድ ነጠላ ወደደች። 2,500 ብር ተባለች። እሷ ገና ስታገላብጠው ጣሊያናዊ ባልና ሚስት ገቡ፣ ሚስትየው ያንኑ ዓይነት ነጠላ አንስታ ጠየቀች፣ 6,000 ብር ተባለች። እዚያው ቆመን እየሰማን ነው! ቆይቼ ለብቻው ለራሴ ብገዛስ አልኩት። «ላንቺማ 1,500» አለኝ።

እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ስጠይቀው አልተቆጣም፣ አላፈረምም። እንደ ሙያ ነው ያስረዳኝ። ቻይናዊ ሩብ ዋጋ ካልደረሰ አይገዛም፣ ስለዚህ አራት እጥፍ ጀምርለት። ጃፓናዊ አይከራከርም። አሜሪካዊ ታሪክ ከነገርከው ይገዛል። ጣሊያኖች ቡና ያውቃሉ፣ በቡና አትቀልድባቸው፣ በጨርቅ ግን ይቻላል። ሕንድ ጊዜህን ይበላል። ኬንያዊ ኪሱ ቀጭን ነው፣ ብዙ አትልፋ። ናይጄሪያዊ ገንዘብ አለው፣ ግን ዓይንህን አትንቀልበት። ዲያስፖራ ከሁሉም ይብሳል፣ ዶላር ይዞ «እንደ አገርህ ሰው ሽጥልኝ» ይላል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ልምዱን ሊያካፍለኝ ፈልጎ ነው፣ በቅን ልብ።

እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። አራት እጥፍ ዋጋ የተጠራበት ሰው ምን ያድርግ? መከራከር አለበት። የትም አገር ይወለድ፣ ዋጋው ውሸት መሆኑ ከገባው ይከራከራል። እና ቻይናዊው ሲከራከር ሻጩ «አላልኩሽም?» ይላል። ለጃፓናዊው ደግሞ ድሮውንም አክርሮ አልጠራበትም ይሆናል፣ ወይም ጃፓናዊው ዋጋውን ሰምቶ በትህትና አመስግኖ ወጥቷል፣ የወጣውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ሳይከራከር የሚከፍል ቻይናዊ ቢመጣስ አልኩት። «እሱ አውሮፓ የኖረ ነው የሚሆነው» አለኝ። አያችሁ? ከሕጉ የወጣ ሰው ሲመጣ ሕጉ አይፈርስም፣ ሰውየው ይሰረዛል። እንዲህ ከሆነ ሻጩ ሠላሳ ዓመት ቢሸጥም ስለ ቻይናውያን አንዲት ነገር ሳይማር ጡረታ ይወጣል።

አሁን «ዋጋ መጨመርማ የትም አለ፣ ይህ ምን ያስደንቃል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ለእንግዳ ዋጋ መጨመር በየአገሩ አለ። ግን እኛ ላይ ሲደረግ እንዴት እንደሚሰማን እናውቃለን እኮ! ያውም ከማንም በላይ።

ለሥልጠና አውሮፓ በሄድኩ ጊዜ ምሳ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ሴት ሳህኔን አየት አድርጋ፣ በጣም በሚያዝን ድምፅ፣ «አገርሽ እንዲህ ያለ ምግብ ታገኛላችሁ?» ብላኛለች። ክፉ ሰው አይደለችም። እንባ ሊመጣባት ነበር። እኔ ግን ምግቡ አልወርድ አለኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እናቴ «ብዪ እንጂ» እያለች በጉርሻ ያሳደገችኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን እኔ አልነበርኩም፣ የቴሌቪዥን ምስል ነበር የተቀመጠው።

ያ ምስል ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ነው። በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ፣ እርዳታ ጎረፈ፣ በዓመቱ ሐምሌ ላይ ለንደንና ፊላዴልፊያ ትልልቅ ኮንሰርቶች ተደረጉ። ብዙ ሰው ተርፎበታል፣ ይህ መካድ የለበትም። ረሃቡም እውነት ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል፣ ድርቁ ብቻውን ሳይሆን ጦርነቱና የመንግሥቱ ሥራ ተጨምሮበት። የሞቱትን አልደብቅም፣ ሊያፍርባቸው የሚገባ የለም። የሚያመኝ አርባ ዓመት አልፎ፣ ከዚያ በኋላ የተወለደው ሁሉ፣ ሐዋሳ ያደገውም ሐረር ያደገችውም፣ በዚያች የኮረም ጠዋት መመዘኑ ነው።

የናይሮቢዋ እንግዳዬ ይህን ስነግራት ምን አለችኝ? ያንን ምስል የቀረጸው የኛ አገር ሰው ነው አለችኝ። ልክ ነች፣ መሐመድ አሚን የናይሮቢ ልጅ ነው። በ1989 ዓ.ም ኅዳር ላይ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው የሞተው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ጨመረችልኝ። እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ «አፍሪካ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል አለች። የታክሲ ሹፌሩም፣ የሆቴሏ ልጅም። «እናንተ የት ናችሁ ታዲያ?» ስትል እየሳቀች ነበር፣ ሳቁ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም።

ስለዚህ ነገር ትንሽ ልቆይ። እንግዶቼ ከሚያነሱብኝ ቅሬታ ሁሉ በብዛት የምሰማው ይህ ነው። ጋናዊም ዛምቢያዊም ይነግረኛል። ኢትዮጵያውያን ኩሩ ናችሁ፣ ደግ ናችሁ፣ ግን እኛን ከናንተ አትቆጥሩንም ይላሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ የት ሆነው ነው? ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም 32 ነጻ የአፍሪካ አገራት ድርጅታቸውን የመሠረቱበት ከተማ ውስጥ። የአፍሪካ አዳራሽ ከቸርችል ጎዳና ሩቅ አይደለም። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት እዚያ አለ፣ የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳየው። አንድ እንግዳ ጠዋት ያንን አይቶ ተደንቆ ከሰዓት ሱቅ ገብቶ «ኪሱ ቀጭን ነው» ሲባል፣ ስለኛ ይዞ የሚሄደው የትኛውን ነው?

አሁን ወደሚመከረው ሱቅ ልግባ። ጠባብ ነው። መብራቱ ደከም ያለ ነው። ባለቤቷ ስድሳዎቹን የጀመሩ ሴት ናቸው፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ስገባ የለመድኩትን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን እንግዳዬን ስሙን ጠየቁት፣ ቀጥለው «ዕቃው ለማን ነው?» አሉት። ለእናቱ እንደሆነ ሲነግራቸው ስለ እናቱ ጠየቁት። ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ቡና ይጠጣሉ ወይ፣ ብርድ ይወዳሉ ወይ። አገሩን አልጠየቁትም። ራሱ ነው በኋላ የነገራቸው።

ዕቃው ሁሉ ላይ በክር የታሰረች ወረቀት አለች። ዋጋው በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከምን እንደተሠራ። ነጠላው ላይ «ጥጥ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ሽሮ ሜዳ፣ 1,800 ብር» ይላል። በርጩማው ላይ «ጅማ» ይላል። ጀበናዋ 450 ብር ናት። ለኔም 450፣ ለጣሊያኑም 450፣ ለናይጄሪያዊውም 450። ከአምስት ዕቃ በላይ የገዛ ሰው ይቀነስለታል፣ ይህም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የመስቀሉ ሳጥን አይቆለፍም፣ ከጠየቃችሁ አውጥተው እጃችሁ ላይ ያደርጉላችኋል። አማርኛ የማይችል ሰው ብቻውን ገብቶ፣ አንብቦ፣ ከፍሎ፣ ተመርቆ መውጣት ይችላል።

እንዴት እንዲህ ለመሥራት ወሰኑ አልኳቸው። ወጣት ሆነው ቤሩት ሠርተዋል። የተጠራቀመ ደመወዛቸውን ይዘው ለእናታቸው የአንገት ወርቅ ሊገዙ ገቡ። ባለሱቁ ቀና ብሎ አያቸውና «እመቤትሽ የታለች?» አላቸው። ገንዘቡን አውጥተው ቢያሳዩትም ወርቁን ከመስታወቱ አላወጣላቸውም። «ልጄ፣ ፊቴን አይቶ ሥራዬን አወቀ፣ ሥራዬን አውቆ ሌባ አደረገኝ፣ እኔ ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩም ነበር» አሉኝ። ዛሬም በባሕረ ሰላጤ አገራት አውሮፕላን ማረፊያ የምታልፍ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ብትሆን፣ ነጋዴ ብትሆን፣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው በቤት ሠራተኝነት ነው። የቤት ሠራተኛ መሆን ነውር አይደለም፣ እትዬም በዚያ ሥራ ነው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩት። ሰው ሳይጠየቅ መታወቁ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ ሱቅ ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ዋጋ ወረቀቷ ነው።

ይህ ማለት ግን ሱቁ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፣ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች የሙርሲ ሴት አሻንጉሊት ይሸጣሉ። ቸርችል ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ ይሸጣል፣ ፖስት ካርዱም ሞልቷል። ሙርሲዎች በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ከ10 ሺህ በታች ሕዝብ ናቸው፣ ደቡብ ኦሞ የሚኖሩ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ማሽላ የሚዘሩ። አሻንጉሊቷን ግን የሠራት ሙርሲ አይደለም። ወረቀቷ ላይም የሠራው ሰው አካባቢ አልተጻፈም። በዚያ ሱቅ ውስጥ ስለ አሠራሩ ምንም ያልተባለለት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ውጭ አገር ሁላችንንም በአንድ ፎቶ ሲያዩን የምንቆጣ ሰዎች፣ ሙርሲዎችን ራሳችን በአንድ ከንፈር ሸክላ እየሸጥናቸው ነው። እትዬ ይህን ስላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ይሸጣል እኮ ልጄ» አሉ። እንደሚሸጥ አውቃለሁ። የኮረምም ምስል ይሸጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቲሸርቶቹ። «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው አሁንም አለ። የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የፈጠሩት መፈክር ነው፣ ጎበዝ መፈክር ነበር፣ ዓለምን አስተዋውቆናል። ግን በሐምሌ የሚመጣ እንግዳ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ሻንጣው ውስጥ ቁምጣና የፀሐይ ቅባት ይዞ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ይወርዳል፣ እሱ ሹራብ ፍለጋ ይሮጣል። ኢትዮጵያን በረሃ አድርጎ የሚያስብ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። መፈክሩም ሳያስበው ያግዘዋል። ከ2016 እ.ኤ.አ ወዲህ «ምድረ ቀደምት» ተብሏል፣ የሉሲ ቲሸርት የበዛውም ከዚያ ጋር ይመስለኛል። የሉሲን ቲሸርት ወድጄዋለሁ፣ የድንቅነሽ ምድር ነው ማለት ለመጣው ሁሉ «ያንተም ነው» ማለት ስለሆነ እንግዶቼም ይወዱታል። ጨርቁ ግን አንዴ ሲታጠብ ያጥራል፣ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ።

የአበበ ቢቂላ ቲሸርት የተለየ ነገር ያነሳብኛል። በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳይ ነው። ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ነው፣ በዚያችው በአሥራ ሦስተኛዋ ወር፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ቲሸርቱን አይቶ አንድ እንግዳ «ጫማ መግዣ አጥቶ ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም! የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ ጫማ ነበረው፣ ሮም ላይ የተገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው በባዶ እግሩ የሮጠው፣ በባዶ እግሩ ይለማመድም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። የቶኪዮውን አበበ ቲሸርት ላይ አድርጎ የሚሸጥ ሱቅ ቸርችል ላይ አላየሁም። ሰው የሚገዛው ባዶ እግሩን ነው። ድህነት ሲያሸንፍ ማየት ይወዳሉ፣ ሥልጠና ሲያሸንፍ ግን ቲሸርት አይሆንም። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው በጣም ነው የወደዱት። አታሚው ጋ እንደሚጠይቁ ነገሩኝ።

ደግሞ ሁላችሁም ትሮጣላችሁ የሚለው አለ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው፣ ከአርሲ ደጋ፣ አንድ ጎበዝ አሠልጣኝና አንድ ልማድ ካለበት ቦታ። ኢትዮጵያዊ ሆኖ መወለድ ብቻ ቢያስሮጥ ኖሮ የኔ ቢሮ ፎቅ ሲወጣ ባላለከለከ ነበር። የሚያኮራ ምስል እንኳ የሠራውን ሰው ልፋት ይወስድበታል።

ሦስተኛ ቅሬታዬ ስለ «የቻይና» ነው። እትዬ ሱቅ ውስጥ በጥግ በኩል ጥበቡ በማሽን የታተመበት ርካሽ ነጠላ አለ። ወረቀቷ ላይ በሐቀኝነት «ከውጭ የገባ፣ ሕትመት» ተብሎ ተጽፏል፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፣ ሌሎቹ ሱቆች በእጅ የተሠራ ነው ብለው ነው የሚሸጡት። ገዢዎቹ ግን «ያው የቻይና ነው» እያሉ ያጣጥሉታል። ሁላችንም እንላለን፣ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ሁሉ የቻይና ነው። ያንን ርካሽ ሕትመት ያዘዘው ግን የኛው አስመጪ ነው፣ ጥራቱንም ዋጋውንም እሱ ነው የመረጠው። እዚያው ከተማ የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ ቻይናውያን ናቸው የሠሩት፣ የቀላል ባቡሩንም መስመር። ለሽያጭ የሚመጣው በታዘዘው ልክ ነው።

ስለ ቻይና ካነሳሁ ከሱቁ ደጃፍ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሴኡል የመጣ እንግዳ ይዤ ከእትዬ ሱቅ ስንወጣ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ተከተሉን። ልጆች ናቸው፣ ስድብም አልነበረም። ሰውየው እጁን አውለበለበላቸው። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ አያቱ ስለ ቃኘው ሻለቃ ያወሩለት እንደነበር ነገረኝ። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ሄደው ተዋግተዋል፣ ከመቶ በላይ ሞተዋል፣ መታሰቢያቸው አፍንጮ በር አለ። ጠዋት ሄዶ አበባ አስቀምጦ ነበር የመጣው። «ስለ እኛ ሞታችሁ የማን አገር ሰዎች እንደሆንን አለማወቃችሁ ያሳዝነኛል» አለኝ። እትዬ ይህን ስነግራቸው እነዚያን ልጆች ጠርተው ተቆጡ ብላችሁ እንዳታስቡ። ቁጭ አድርገው ስለ ቃኘው ነገሯቸው፣ አባታቸው ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ጊዜ አንደኛው ልጅ «ኮሪያዊው አልመጣም?» ብሎ ጠየቀኝ።

አራተኛ ቅሬታዬ አጭር ናት። በዚያ ሱቅ ውስጥ ስለ አፍሪካ አንድም ነገር የለም። ለኅብረቱ ስብሰባ በየዓመቱ የካቲት ገደማ ከአህጉሩ ሁሉ ሰው ይመጣል፣ የአፍሪካ አዳራሽ ፖስት ካርድ እንኳ አጣሁ። የናይሮቢዋ እንግዳዬ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነበር።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር ልጨምር። እሑድ ዝግ ነው። በቴሌብርና በሲቢኢ ብር ይቀበላሉ፣ የውጭ ካርድ የሚያነብ ማሽን የላቸውም፣ እንግዳችሁ አስቀድሞ ባንክ ገብቶ ብር ይመንዝር። መኪና ማቆሚያ ችግር ነው፣ መንገዱ ከታደሰ ወዲህ የእግረኛው ሰፋ ብሏልና ከብሔራዊ ቴአትር በእግር ብትወጡ ይሻላል፣ የአንበሳውንም ሐውልት ታያላችሁ። ጀበና ስትገዙ በጋዜጣ ሳይሆን በጨርቅ አስጠቅልሉ፣ ጫፉ ይሰበራል። የቆየ የሚመስል መስቀል ወይም ብራና ከገዛችሁ ቅርስ እንዳልሆነ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ቦሌ ላይ ይያዝባችኋል። እትዬ የትኛው እንደሚያስፈልገው በግልጽ ይነግራሉ። የብራና ሥዕሎቹ መካከለኛ ናቸው፣ የንግሥተ ሳባው ታሪክ ቀለሙ ፈዟል፣ ለዚህ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጋቢ ብዙ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ሽሮ ሜዳ ውጡ፣ ምርጫው ይበዛል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የያዝኩት ለአሻንጉሊቷ ነው። የሌጎሱ እንግዳዬ ለእናቱ ነጠላውንና ጀበናውን ከእትዬ ገዛ፣ አንድ የብር መስቀልም ጨመረ፣ ደረሰኙንም ራሱ ደግሞ ደምሮ አረጋገጠ። ሁለት ብር ተሳስተውበት ነበር፣ መለሱለት።